ከካርታው ላይ የጠፉት ነጥቦች

የመልካም ምኞት ካርድ በሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላኩ ምስሎችን የመመርመር ሥራ በያዝኩበት ዘመን፣ ከአበባና ከሻማ ይልቅ በብዛት ይሸጡ የነበሩት የጥንት የኅትመት ሥዕሎችና አሮጌ ካርታዎች ያረፉባቸው ካርዶች ነበሩ። ተቀባዩ እንዲህ ያለውን ካርድ አንብቦ አይጥለውም፤ ፍሬም አስገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል ወይም መጽሐፍ ውስጥ ያኖረዋል። ለአሳታሚውም ቢሆን ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሠዓሊዎቹና ካርታ ነዳፊዎቹ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው የቅጂ መብታቸው ዘመን አልፏል፤ እንደ አምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ያሉ ትልልቅ ሙዚየሞችም የስብስቦቻቸውን ፎቶግራፎች በከፍተኛ ጥራት አንሥተው በነፃ ለቅቀዋል፤ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ የሚቀረው ምስሉን አውርዶ፣ ከእድፉ አጽድቶ፣ በካርድ ልክ ቆርጦ ማተም ብቻ ነው ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ አደገኛው ማጽዳቱ መሆኑን ድርጅታችን የተረዳው ጡረታ በወጡ አንድ የመርከብ ካፒቴን ምክንያት ነበር።

አንድ የመርከበኞች ማኅበር በዓመቱ መጨረሻ ለአባላቱ የሚልካቸውን ካርዶች አዘዘን። የተመረጡት ምስሎች ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለቱ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የጃፓናዊው ሠዓሊ የሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» እና የጀርመናዊው ሠዓሊ የአልብረኽት ዱረር አውራሪስ ነበሩ። ማኅበሩ አብልጦ የፈለገው ግን ሦስተኛውን፣ የሆላንዱ ሉካስ ያንስዞን ቫኸናር ያዘጋጀውን የባሕር ካርታ ነበር። ቫኸናር ካርታ ነዳፊ ከመሆኑ በፊት ራሱ መርከብ መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1584 መውጣት የጀመረው የካርታ መጽሐፉ በማተሚያ ከታተሙት የባሕር ካርታ ስብስቦች የመጀመሪያው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ካርታ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመ ነው። በዳር በኩል የባሕሩ ጠረፍ ከመርከብ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው እንደሚታየው ተሥሏል፤ በውኃው ላይ የጥልቀት ቁጥሮች ተበትነዋል፤ ውኃ የሸፈናቸው ዐለቶች በትንንሽ መስቀሎች፣ መርከብ የሚይዙ የአሸዋ ደለሎች ደግሞ ተጠጋግተው በተወቀሩ ነጥቦች ተመልክተዋል።

ምስሉን ያዘጋጀችው ባልደረባችን እጇ የሠለጠነ ዲዛይነር ነበረች። የአራት መቶ ዓመት ወረቀት ያጠራቀመውን ቡናማ ጠቃጠቆ፣ የመሐል እጥፋቱን ጥላና ከጀርባው ገጽ ያሳለፈውን የጽሑፍ ቀለም አንሥታ፣ ባሕሩን እንደ አዲስ ወረቀት አጠራችው። የሙከራ ኅትመቱን ያየ ሁሉ አደነቀ። ጊዜው ጠቦ ስለነበር የሽያጭ ክፍሉ በእኔ ጠረጴዛ ሳያሳልፍ በቀጥታ ለደንበኛው ላከው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም የማኅበሩ ተወካይ ካፒቴን ካርዱንና አንድ ማጉያ መነጽር ይዘው ራሳቸው መጡ።

«ልጄ፣ ይህን ካርታ የሠራው ሰው መርከብ መሪ እንደነበረ ታውቃለህ?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እርሱ ያስቀመጠውን አሸዋ እናንተ ጠርጋችሁታል። ይህን ካርድ አምኖ ወደዚህ ወደብ የሚገባ መርከብ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መሬት ይነካል።»

«ካፒቴን፣ ምስሉ ስላነሰ ነጥቦቹ ለዓይን ጠፍተው እንዳይሆን» ብዬ ለመከላከል ሞከርኩ። መነጽሩን ሰጥተውኝ በጥፍራቸው ጫፍ አንድ ቦታ አሳዩኝ። በወንዙ አፍ ላይ ጥልቀት አለመኖሩን የሚናገረው ትንሽ ቁጥር በቦታው አለ፤ በዙሪያው መኖር የነበረበት የነጥብ ክምር ግን የለም። ቁጥሩ ነጭ ባሕር ላይ ብቻውን ቀርቷል። ከሙዚየሙ የወረደውን ፋይል ከፍተን ስናመሳክር ከዚያ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከካርታው ሁሉ ላይ አብዛኞቹ ደለሎችና ከመስቀሎቹም የተወሰኑት እንደጠፉ አየን።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገርንም። ዋናው ካርታ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ካርዱ ላይ የሚያርፈው በ17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማለትም ሁሉ ነገር ወደ ሢሶው ይወርዳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረች ነጥብ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ትሆናለች፤ ለኅትመት በተለመደው 300 ፒክሰል በኢንች ሲለካ ይህ ሁለት ፒክሰል ብቻ ነው። የአቧራ ማጥፊያው ፊልተር ደግሞ አሠራሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ፒክሰል ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተያይና የመካከለኛውን ዋጋ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ከተወሰነለት ራዲየስ ያነሰና በዙሪያው ካለው ቀለም የተለየ ነገር ሁሉ ይዋጣል። አቧራም ይሁን ደሴት ለእርሱ አንድ ነው። ባልደረባችን መጀመሪያ አሳንሳ በኋላ ስላጸዳች ፊልተሩ የአሸዋውን ነጥቦች ያለ ምንም ጥርጣሬ ጠረጋቸው፤ ቁጥሮቹ የተረፉት ተለቅ ስለሚሉ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ካርዱ ለጌጥ እንጂ ለጉዞ ስላልሆነ ነገሩን ማጋነን አይገባም ብለው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ሰው አሮጌ ካርታ ያለበትን ካርድ የሚገዛው አንድ እጅ በአንድ ዘመን የሠራውን ሥራ አገኘሁ ብሎ ነው፤ ከላዩ ላይ የሥራውን ፍሬ ነገር አንሥቶ መሸጥ ጌጥነቱንም ቢሆን ያጎድለዋል። (ይበልጥ የሚገርመኝ፣ እውነተኛውን እድፍ አጥብቀው የሚያጠፉት ሰዎች ካርዱ ጥንታዊ እንዲመስል ብለው መልሰው የሐሰት ቡናማ ቀለም መቀባታቸው ነው።)

ሥራውን እንደገና ስንጀምር በምስሉ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ምልክት ከማንሣታችን በፊት ከወዴት እንደመጣ መለየት ያዝን፤ ከመዳብ ሰሌዳው ነው፣ ከኅትመት በኋላ በብሩሽ ቀለም ከቀባው እጅ ነው ወይስ ወረቀቱ በቆይታ ያመጣው ነው? ከሰሌዳው የመጣው ጥቁርና ዳሩ የተቆረጠ ነው፤ የወረቀት ጠቃጠቆ ቡናማና ዳሩ የሟሟ ነው፤ ከጀርባ ያሳለፈ ፊደል ደግሞ ተገልብጦ ስለሚታይ ወዲያው ይታወቃል። ዓይን ሲያመነታ የቀለም ቻናሎቹን፣ ማለትም ተደራርበው የዲጂታል ምስሉን የሚሠሩትን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ንብርብሮች፣ ለየብቻ መክፈት ይረዳል። ቡናማ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ በሰማያዊው ቻናል ጠቁሮ ይታያል፣ በቀዩ ቻናል ግን ሊጠፋ ይቃረባል፤ ጥቁር የማተሚያ ቀለም በሁሉም ቻናል ጥቁር ነው። ባልደረባችን ቀዩን ቻናል ስትከፍት የአሸዋው ነጥቦች ብቻቸውን ጎልተው ሲወጡ፣ ካፒቴኑ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው የጠረፉን ደለሎች እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጠሩልን ጀመር።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ቦታ ላይ ከዳን። በባሕሩ ጠረፍ ዳር ዳሩን የሚሄድ ቡናማ መስመር ነበረ፤ በቀዩ ቻናልም ስለደበዘዘ እድፍ ነው ሊባል ተቃርቦ ነበር። ነገር ግን መስመሩ እያንዳንዱን ልሳነ ምድርና ሰርጥ ተከትሎ ይታጠፋል፤ እድፍ የባሕር ዳርቻ አይከተልም። በጥንት ካርታዎች ላይ ይቀባ የነበረው አረንጓዴ ቀለም ከመዳብ ዝገት የሚዘጋጅ ስለነበር፣ ከዘመን ብዛት ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ወረቀቱን እስከ መሰንጠቅ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ያየነው ቀቢው አረንጓዴ አድርጎ የተወው ጠረፍ ነበር። ወደ አረንጓዴ እንመልሰው የሚል ሐሳብ ቢቀርብም፣ የመጀመሪያውን ድምቀት የምናውቅበት መንገድ ስላልነበረን ቡናማውን እንዳለ ተውነው።

ካርታው ካስተማረን በኋላ ሌሎቹንም ሁለት ካርዶች መለስ ብለን መመርመር ግድ ሆነ። በሆኩሳይ ኅትመት ላይ በቀለሙ ውስጥ የሚታየው የማተሚያ እንጨቱ የጅማት መስመር ተለስልሶ ጠፍቶ ስለነበር ተመለሰ። የዱረር አውራሪስ ጉዳይ ትንሽ ያከራክራል። ዱረር እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ፣ ከሊዝበን በደረሰ ደብዳቤና ንድፍ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1515 ያዘጋጀው ይህ ሥዕል የታተመበት የእንጨት ሰሌዳ ከእርሱ ሞት በኋላም ለብዙ እትሞች አገልግሏል፤ በመጨረሻዎቹ እትሞች ሰሌዳው ራሱ ተሰንጥቆ ስለነበር በአውራሪሱ እግሮች ላይ የሚያልፍ ነጭ መስመር ይታያል። የእኛ ምስል ከእነዚያ ዘግይተው ከወጡት ኅትመቶች የአንዱ ነበር፤ ስንጥቁም በመጀመሪያው ዝግጅት በጥቁር መስመሮች ተሞልቶ ተደፍኗል። ስንጥቁ የወረቀት ጉዳት ቢሆን ኖሮ ደፍነነው እናልፍ ነበር፤ ነገር ግን የኅትመት ሥዕል አጥኚዎች አንዱን እትም ከሌላው የሚለዩት በዚህ ዓይነቱ ምልክት ስለሆነ ከፈትነው።

ካርዶቹ ታትመው ለማኅበሩ ሲደርሱ ካፒቴኑ በባሕር ካርታው ጀርባ ላይ «ለመርከብ ጉዞ አያገለግልም» የሚል መስመር እንዲገባላቸው ጠየቁ። ለቀልድ ነበር፣ እኛም አስገባነው። በአውራሪሱ ካርድ ላይ ግን ከሌሎች ገዢዎች ቅሬታ መጣ፤ የማተሚያው ጉድለት እግሩን ቆርጦታል እያሉ የሚመልሱ ነበሩ። ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ብዙ ከተነጋገርን በኋላ፣ በሚቀጥለው እትም በካርዱ ጀርባ ከሥዕሉ ስምና ዓመት ቀጥሎ እንዲህ የሚል ታከለበት፤ «በእግሮቹ ላይ የሚታየው ነጭ መስመር ሥዕሉ የታተመበት የእንጨት ሰሌዳ ስንጥቅ ነው።»