ኤልሳቤጥ ነኝ፣ ግን የትኛዋ?

ኤልሲ ሲሉኝ ስትሰማ አያቴ ትቆጣ ነበር። «የመጥምቁ ዮሐንስ እናት ስም ነው፤ አታሳጥሩት!» ጀርመን ስመጣ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ ሊዛ አሉኝ። እሺ፣ ይሁን።

የገረመችኝ ስፔናዊቷ ጎረቤቴ ናት። ቡና ጠርቻት «እኛ ጋ እኮ ኢሳቤል ነሽ» አለችኝ። አላመንኳትም። ስልኳን አውጥታ የአገሯን ጋዜጣ አሳየችኝ። የእንግሊዟ ንግሥት «ዳግማዊት ኢሳቤል» ተብላ ቁጭ ብላለች!

ፖላንዶች ኤልዥቢዬታ፣ ሩሲያውያን ዬሊዛቬታ ይላሉ። ሀንጋሪዎች ጋ ኤርዤቤት ነው፤ ቡዳፔስት ውስጥ ዳኑብ ወንዝ ላይ በዚሁ ስም የሚጠራ ድልድይ አለ።

ለእኔ ግን የእኛዋ «ጥ» ትበልጥብኛለች። እዚህ አገር በወጉ የሚያወጣት ሰው አላገኘሁም። ጎረቤቴ ሞክራ ሞክራ ምራቋ ሲኒዬ ውስጥ ገባ።