ስምንት ባይት

የ«ደርቲ ፓይፕ»ን ሪፖርት ዛሬ እንደገና አነበብኩት። ደርቲ ፓይፕ በሊኑክስ ከርነል (በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የተገኘ ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት ነው፤ ማንበብ ብቻ በተፈቀደ ፋይል ላይ መጻፍ ያስችል ነበር። ከሊኑክስ ባጎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው ለማለት አይደለም። ግን ባግ እንዴት እንደሚመረመርና ሪፖርት እንደሚደረግ ሲጠይቁኝ የማሳየው እሱን ነው። (ባግ ብዬ የምጽፈው «በግ» ስል ከብት ያረባሁ ስለሚመስለኝ ነው።)

ነገሩ የጀመረው በኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ደንበኛ የዌብ ሰርቨር ሎግ (የጎብኚዎች መዝገብ) አልከፈት አለኝ ብሎ አመለከተ። ፋይል የሚጨምቀውና የሚፈታው ጂዚፕ የሲአርሲ (ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያረጋግጥ ቁጥር) ስህተት ያሳያል። ፋይሉ በእጅ ተጠገነ፣ ጉዳዩም ተዘጋ። ከወራት በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ መጣ። ጉዳዩን የያዘው ፕሮግራመር ማክስ ኬለርማን የተበላሹትን ጎን ለጎን ሲያስተያይ፣ የተነካው የመጨረሻው 8 ባይት ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ሲአርሲውና የፋይሉ ርዝመት የሚቀመጡበት ቦታ ነው። በምትኩ የገባው ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ የዚፕ ማውጫ መጀመሪያ። ሰርቨሩ የየቀኑን ሎግ ሰብስቦ ወርሃዊ ዚፕ አድርጎ ለደንበኛ ይልካል። የተበላሹትም በብዛት የወር መጨረሻ ቀን ፋይሎች ነበሩ። ዚፑን የሚያዘጋጀው ፕሮሰስ ግን ሎጎቹን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም።

እዚህ ላይ ቆሞ «ከርነላችሁ ፋይል ያበላሻል» ብሎ መላክ ይቻል ነበር። ቢልክ ኖሮ መልሱ ይታወቃል፦ ራምህን ፈትሽ። እሱ ግን ሰርቨሩንም፣ ዚፑንም፣ ሎጉንም አውጥቶ ጣለና ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች አስቀረ። አንደኛው «ኤ» የሚለውን ፊደል አምስት አምስት እያደረገ ፋይል ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው ከዚያው ፋይል በስፕላይስ (ዳታን ሳይገለብጥ በሚያሳልፍ የከርነል ጥሪ) ወደ ፓይፕ (በፕሮግራሞች መካከል ዳታ ወደሚያልፍበት ቱቦ) ያሳልፍና ፓይፑ ላይ አምስት «ቢ» ይጽፋል። ፋይሉ ውስጥ «ቢ» ከታየ ከከርነሉ በቀር የሚጠረጠር የለም። ታየ።

ከዚያ የከርነሉን ቨርዥኖች ሲሞክር ባጉ 4.19 ላይ የለም፣ 5.10 ላይ አለ። በመሃል 185,011 ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) አለ፤ በጊት ባይሴክት (ለውጦቹን በየግማሹ እየከፈለ ጥፋተኛውን በሚፈልግ መሣሪያ) ግን 17 ሙከራ ይበቃል። ሆኖም ባይሴክት የሚያሳየው ባጉ መጉዳት የጀመረበትን እንጂ የተወለደበትን ላይሆን ይችላል። የፓይፕ ቋት (ዳታ ለጊዜው የሚቀመጥበት) ሲዘጋጅ ባንዲራው (የቋቱን ሁኔታ የሚናገረው ምልክት) ዜሮ ሳይደረግ የቀረው ከ4.9 ጀምሮ ነው፤ ለዓመታት ማንንም አልነካም። 5.8 ላይ «እዚሁ ገጽ (የማስታወሻ ቁራጭ) ላይ ጨምረህ ጻፍ» የሚል ባንዲራ ሲመጣ፣ ከቀድሞ አጠቃቀም የቀረው ባንዲራ የሌላ ሰው ፋይል ላይ ማጻፍ ጀመረ። ማረሚያው ባንዲራውን ዜሮ የሚያደርጉ ሁለት መስመሮች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይኼን ነው፦ ለውጡ የሚያርፈው ፔጅ ካሽ (ራም ውስጥ ያለው የፋይሉ ቅጂ) ላይ ነው፣ ከርነሉም ገጹን «ተቀይሯል» ብሎ አይመዘግበውም። ሌላ ነገር ያንን ገጽ ካልጻፈበት ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ደህና ነው። ስለዚህ «እስቲ ሪስታርት አድርገው» የሚለው የለመድነው ምክር ማስረጃውን ጠራርጎ ይወስደዋል። መጀመሪያ የተበላሸውን ፋይልና የዲሜስግን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ውጤት ሌላ ማሽን ላይ ቅዱ።

እናንተም ሪፖርት ስትጽፉ የከርነሉ ሙሉ ቨርዥን፣ ባጉን ደግሞ የሚያሳይ ኮድ፣ ካለም ፓቹ (ማረሚያ ኮዱ) ይግባ። የከርነሉ «ቴይንትድ» ቁጥር (ከርነሉ «ተበክሏል» የሚያሰኝ ነገር መኖሩን የሚያመለክተው) ዜሮ ካልሆነ የውጭ ድራይቨሮችን ሳትጭኑ ቡት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ አለዚያ ጣት ወደ ድራይቨሩ ይቀሰራል። ኢሜይሉ ተራ ጽሑፍ ይሁን፣ ኤችቲኤምኤል አይሁን። ማንም ተጠቃሚ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሚሆንበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ወደሆነው የኢሜይል ዝርዝር ሳይሆን ወደ ከርነሉ የደህንነት ቡድን ይላካል። ለዲስትሪቢውሽኖቹ (ሊኑክስን አሰናድተው ለተጠቃሚ ለሚያቀርቡት) ዝግ የኢሜይል ዝርዝር መንገር ማረሚያው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው፤ እዚያ ምስጢር የሚቆየው ቢበዛ 14 ቀን ነውና ቀድሞ የነገረ ሰዓቱን በራሱ ላይ አስነሳ ማለት ነው።

ኬለርማን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022 ሪፖርቱን ከነፓቹ ላከ። በማግስቱ ፒክስል 6 ላይ እንደሚሠራ አረጋግጦ ለአንድሮይድ ቡድን አሳወቀ፤ ፓቹም ያኔውኑ ስለ አደጋው አንድ ቃል ሳይጠቅስ አደባባይ ወጣ። በ23ኛው ቀን 5.16.11፣ 5.15.25 እና 5.10.102 ተለቀቁ። ዲስትሪቢውሽኖቹ የሰሙት በ28 ነው። ማርች 7 ላይ ሁሉም ሰው ሲሰማ፣ ማረሚያው ከተለቀቀ 12 ቀን ሆኖት ነበር።