የእናቴን ጎረቤት ፍለጋ

ከሰባት ወር በፊት እናቴ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ይህችን ሴት ፈልግልኝ» አለችኝ። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዷ እናቴ ናት፣ ሌላዋ ደግሞ ከአርባ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ግድግዳ ትጋራት የነበረች ጎረቤቷ ናት። ስለ ሴትየዋ የምናውቀው ስሟን፣ የኖሩበትን መንገድና የቤት ቁጥር፣ ልብስ ሰፊ እንደነበረችም ብቻ ነው። ስሟን ስልኬ ላይ ጽፌ በአምስት ደቂቃ የምጨርሰው ሥራ ስለመሰለኝ፣ «እሺ፣ ዛሬ ማታ አገኝልሻለሁ» አልኳት። ያ ማታ ሰባት ወር ፈጀ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በከንቱ አለፉ። የሰው አድራሻ ፈልገን እናቀርባለን ከሚሉ የኢንተርኔት ድርጅቶች አንዱ ክፍያ ተቀብሎ የላከልኝ ዝርዝር፣ የሦስት የተለያዩ ሰዎችን ዕድሜ፣ ስልክና ዘመድ አዝማድ በአንድ ስም ሥር አጭቆ የያዘ ነበር፤ ዝርዝሩን ካመንን ከሦስቱ አንዷ በዘጠኝ ዓመቷ የባንክ ብድር ወስዳለች። እነዚህ ድርጅቶች የሚሸጡት ከየአካባቢው መዝገብ የለቀሙትን ነው፤ ለቃሚው ግን የትኛው ወረቀት የየትኛዋ ሴት እንደሆነ የሚያጣራበት ጊዜ የለውም። ከተለቀመው ይልቅ ምንጩን ማየት ይሻላል ብዬ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ እናቴ ወደኖረችበት ከተማ ሄድኩ።

በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ያገኘኋቸው ሠራተኛ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ የሴትየዋን ስም አልነበረም። «ቤቱ የት ነበር?» አሉኝ። ሰው ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል፣ ስሙንም ይለውጣል፤ ቤት ግን ባለበት ይቆያልና ፍለጋ የሚጀመረው ከቤቱ ነው ብለው ያምናሉ። ያወጡልኝ የንብረት ግብር መዝገብ ላይ የቦታው ስፋት፣ የተሠራበት ዓመት፣ የተገመተበት ዋጋ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ ሁሉ በተርታ ሰፍሯል። የአንድ አከራይ ስም ለሃያ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ ተጽፏል፤ የእናቴም የጓደኛዋም ስም ግን የለም። ግብር ሰብሳቢው የሚፈልገው ግብር ከፋዩን ነው፤ ለእርሱ ተከራይ ከቁጥር አይገባም። እናቴ በየሳምንቱ ተራ ገብታ ያጠበችው ደረጃ በዚያ ሰውዬ ስም ብቻ መኖሩ፣ ምንም እንኳ ሕጋዊ ቢሆን፣ ትንሽ አናደደኝ። ምን እንደሚያደርግልኝ ሳላውቅ የአከራዩን ስም በማስታወሻ ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

በሁለተኛው ቀን ወደ ነዋሪዎች ማውጫ ዞርን። ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የለንደንን ነጋዴዎች ስምና መኖሪያ የያዘ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1677 ታትሟል፣ በፊላዴልፊያ ደግሞ በ1785 ብቻ ሁለት ተፎካካሪ ማውጫዎች ወጥተዋል። አሳታሚዎቹ የሚፈልጉት ገበያ ስለነበር፣ ሠራተኞቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ባለቤት ተከራይ ሳይሉ በየበሩ ያገኙትን ሁሉ መዝግበዋል። ግብር ሰብሳቢው የዘለለውን ነጋዴው ጻፈው ማለት ነው። ጥራዙ እንደ ጡብ ይከብዳል፤ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኗል፤ ፊደሉም ከመድቀቁ የተነሣ ሠራተኛዋ አጉሊ መነጽር አዋሱኝ። በስም ተራ ከሚሄደው ክፍል በስተኋላ በመንገድና በቤት ቁጥር የተደረደረ ሌላ ክፍል አለ። እዚያ የቤቱን ቁጥር ሳገኝ ከሥሩ አራት ስሞች ነበሩ፤ ሁለተኛው የእናቴ ነው፣ ሦስተኛው የእርሷ ነው፣ ከጎኑም «ልብስ ሰፊ» ይላል። እናቴን ያላወቅኋትን ወጣት ሆና በአንድ መስመር ላይ ሳያት ጣቴን ከገጹ ላይ ለማንሣት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

በቀጣዩ ዓመት ጥራዝ ሁለቱም አሉ። በሦስተኛው እናቴ ብቻ ቀርታለች። ሠራተኛዋ እንደነገሩኝ፣ ከማውጫ የጠፋ ስም ወይ ሞቷል፣ ወይ አግብቶ ተለውጧል፣ ወይ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ አልያም መዝጋቢው በመጣ ዕለት ቤት አልነበረም። ይህንን የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል ይላሉ። በዚያ ላይ መጽሐፉ የሚይዘው ከመታተሙ በፊት በነበሩት ወራት የተሰበሰበውን ስለሆነ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመትና የሰውዬው እውነተኛ ኑሮ አንድ ዓመት ያህል ሊዛነፉ ይችላሉ። የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ደግሞ ለእኛ አይሆኑም ነበር፤ የግለሰብ ስም ያለበት የቆጠራ ቅጽ በአሜሪካ ከ72 ዓመት፣ በእንግሊዝ ከ100 ዓመት በፊት ለሕዝብ አይከፈትም፤ የእኛ ጉዳይ ገና የአርባ ዓመት ልጅ ነው።

ስህተቱን የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። የሴትየዋ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ የሚችል ነው። ለዚህ ችግር የተፈለሰፈ ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 የባለቤትነት መብት የተሰጠውና ሳውንዴክስ የሚባለው ስልት ስሞችን በአጻጻፋቸው ሳይሆን በድምፃቸው አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር እየሰጠ ያቧድናል። በዚያ ዘዴ የተሠራ የፍርድ ቤት መዝገብ ማውጫ ውስጥ ድምፁ የሚመሳሰል ስም፣ በሚመሳሰል ዓመት፣ ከተመሳሳይ ሰፈር አገኘሁና ልቤ ዘለለ። ሠራተኛዋን እንኳ ሳላማክር የመዝገቡን ቁጥር ጽፌ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጥኩ።

ፋይሉ የፍቺ ነበር። ማንም ሰው ጠይቆ ሊያነበው የሚችል፣ ክፍት መዝገብ። ሙሉ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባልየው ስለ ሚስቱ የተናገረውን፣ ሚስቲቱ ስለ ባሏ የተናገረችውን፣ ጎረቤት የመሰከረውን፣ ከመጨረሻው ደግሞ የተካፈሉትን ዕቃ ዝርዝር፤ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ ስድስት ወንበር፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት። የስፌት መኪናዋን ሳይ «እሷው ናት» ብዬ ደመደምኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የትውልድ ዘመኗ ተጽፏል፤ ሴትየዋ ፎቶግራፉ በተነሣበት ዓመት ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ከሃያ አምስት አትበልጥም።

የአንዲት ፈጽሞ የማላውቃት ሴት ውርደት ያለ ምንም ጉዳይ እጄ ላይ ቀረ። ሕግ አልጣስኩም፤ ነገር ግን ፋይሉን ስመልስ የጸሐፊውን ዓይን ማየት አቃተኝ። በማግስቱ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ስም አንድ ምስክር ነው፤ በአንድ ምስክር አይፈረድም» አሉና፣ የማንኛውም ሰው ማንነት ለተለያየ ዓላማ በተለያየ እጅ በተጻፉ ሁለት ወረቀቶች ካልተረጋገጠ ሦስተኛውን እንዳልከፍት አስጠነቀቁኝ።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ስለ ክፍት መዝገብ ብዙ አነበብኩ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1766 ባወጣችው ሕግ ዜጎች የመንግሥትን ሰነድ እንዲያዩ ስትፈቅድ፣ ሹማምንት ምን እንደሚሠሩ እንዲታይ ነበር እንጂ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲበረብር አልነበረም። ፍርድ ቤትም መዝገቡን የሚከፍተው ዳኛው በስውር እንዳይፈርድ ነው፤ የእነዚያ ባልና ሚስት ስድስት ወንበር ግን ከዳኛው ምግባር ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋዜጠኞች ባነሡት ክርክር ላይ፣ በየፖሊስ ጣቢያውና በየፍርድ ቤቱ ተበታትኖ ያለ መረጃና ያው መረጃ በአንድ ቦታ ተጠቃልሎ ሲገኝ አንድ አይደሉም ብሎ ወስኗል። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ አንዲት የ21 ዓመት ተዋናይት ቤቷ በር ላይ ተገደለች፤ ገዳይዋ አድራሻዋን ያገኘው በቀጠረው የግል መርማሪ በኩል ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነበር። እነዚያን መዝገቦች የሚገድበው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1994 ነው። ቀድሞ ሰውን የሚከልለው ሕጉ ብቻ ሳይሆን፣ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት የመመላለሱ ድካምም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለቃሚዎቹ ድርጅቶች የሚሸጡልንም ያንን ድካም ማስቀረት ነው።

የጀርመን አሠራር የበለጠ ተመችቶኛል። እዚያ ነዋሪው ሁሉ በከተማው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ጠያቂ የሚፈልገውን ሰው ከሌላ ሰው የሚለይ በቂ መረጃ ካቀረበ፣ ክፍያ ከፍሎ ስሙንና የአሁን አድራሻውን ይሰጠዋል፤ አደጋ እንደሚያሰጋው ያስረዳ ሰው ግን መረጃው ይታገድለታል። እንግሊዝ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ መራጭ ስሙ ለማንም ከሚሸጠው የመራጮች መዝገብ እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል።

መዝገብ ጠፋ ሲባል የሚያንገበግበኝ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት አብዛኛው የ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ለጥፋት መዳረጉን፣ በ1922 ደግሞ የአየርላንድ ቤተ መዛግብት በእርስ በርስ ጦርነት መቃጠሉን ሳነብ የቅርብ ዘመድ የሞተብኝ ያህል ተሰምቶኝ ያውቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1943 አምስተርዳም ውስጥ የሆነውን ሳነብ ሐዘኔ መልኩን ለወጠ። የናዚ ወራሪዎች አይሁዳውያንን ለመልቀም ይጠቀሙበት የነበረውን የከተማውን የነዋሪዎች መዝገብ፣ የፖሊስ ልብስ የለበሱ አርበኞች ገብተው አቃጠሉት፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም ከእሳቱ የተረፈውን ካርድ በውኃ እንዲበሰብስ አደረጉ። የተበላሸው ከፊሉ ብቻ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዎችም በዚሁ ተረሽነዋል። መዝገቡን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። ንጹሕና የተሟላ መዝገብ ነበር፤ ለወራሪው የተመቸውም ለዚህ ነው።

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። ፈቃዴ ሦስት ቀን ሲቀረው የጋብቻ ምዝገባ መጻሕፍቱን ከፈትን። ከማውጫው በጠፋችበት ዓመት በዚያ ስም የተመዘገበ ጋብቻ ሁለት ነበር። በአንደኛው የሙሽራዋ ሥራ «ምግብ አብሳይ» ይላል፤ በሁለተኛው «ልብስ ሰፊ» ይላል፣ ዕድሜዋም ሃያ አራት። ቢሆንም የስፌት መኪናዋን አስታውሼ ዝም አልኩ። ሠራተኛዋ ጣታቸውን ከገጹ ግርጌ ወደ ምስክሮቹ ስም ወሰዱ። የመጀመሪያው ምስክር ፊርማ የተንጋደደ፣ ቀለሙ የፈሰሰ ነው፤ አጠገቡ ግን ስሙ በጥሩ እጅ ተጽፏል። ደብተሬን ገለበጥኩና በመጀመሪያው ቀን ጠርዙ ላይ ከጻፍኩት ስም ጋር አመሳከርኩት። አከራዩ ነበር። ያ ደረጃውን በስሙ ይዞ ያናደደኝ ሰውዬ ለተከራዩ ሠርግ ምስክር ቆሟል።

በባሏ ስም ከተፈለገች በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሦስተኛ ከተማ ቤት ገዝተዋል፤ ከአሥር ዓመት ወዲህ ንብረቱ በእሷ ስም ብቻ ነው፤ በሞት መዝገብ የባሏ ስም አለ፣ የእሷ የለም። ስልኳንም ማግኘት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች፤ ማውጫው ላይ ስሟ ያለበትን ቅጂ ለይታ ወደ ራሷ ሳበች። ከፈለገች ሄደን በሯን ማንኳኳት እንደምንችል ነገርኳት።

«አይሆንም» አለች። «በር የተንኳኳበት ሰው መክፈት አለበት። ደብዳቤ ግን ካልፈለገች መሳቢያ ውስጥ ትተወዋለች።»

ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው፤ እንዳነበውም አልፈቀደችልኝም። ፖስታውን ከማሸጓ በፊት የፎቶግራፉን ቅጂ አስገባች፣ ከጀርባውም የአሮጌውን ቤት ቁጥር ብቻ ጻፈችበት። የላክነው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። እናቴ ስለ ጉዳዩ አንሥታ አታውቅም፤ ፖስታ ሳጥኑን ግን አሁን ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው እሷ ናት።