እማማ በነጠላ የደፈኑት ቀዳዳ

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ እንጂ ሲወጣ ቀን ቆርጦ አያውቅም። የጭቃ ቤታችንን በሲሚንቶ አስለስነን አዲስ ኮርኒስ ባስመታን ዓመት፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጠቆረ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ከአልጋው ሥር በጆንያ ያስቀመጥነው ጀንፈል ነው፤ ሻግቶ አገኘነው። ጅማ ተቀምጦ ቡና ከሱቅ መግዛት!

ጥፋቱ የራሴ ነበር። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የነበረውን ክፍተት «አይጥ ያስገባል» ብዬ ያስደፈንኩት እኔው ነኝ። ለካ ቤቱ ይተነፍስ የነበረው በዚያ ኖሯል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ የእኛ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት እዚያ ሲደርስ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኮርኒሱ ላይ ያየነው ቡናማ ቀለበት የዝናብ ፍሳሽ አልነበረም።

ግንበኛ ጠርቼ መኝታ ቤቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አስከፈትኩ፤ ሁለቱም ከላይ፣ ሁለቱም በአንድ ግድግዳ። እጣን አጨስን። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣና ኮርኒሱ ሥር ተኛ፤ ወደ ቀዳዳዎቹ ዘወር ብሎም አላየ። ሞቃት አየር ከላይ የሚወጣው ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ሲገፋው ነው። አንዱን ደፍነን በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሌላ ከፈትን። አሁን ጭሱ ወገቡን አጥፎ ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሽታው ተመለሰ። የታችኛው ቀዳዳ ውስጥ እጄን ብሰድ የተጠቀለለ አሮጌ ነጠላ ወጣ። አማቴ ናቸው። «ልጄ፣ ነፋስ ሊያስመታኝ ነው እንዴ ሐሳብህ?» አሉኝ። ስለ ሻጋታው አስረዳኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነጠላው በማግስቱ ተመልሶ ገባ። ደግሞም እውነት ነበራቸው፤ ቀዳዳው ከራስጌያቸው ትይዩ ነበር። ስለዚህ እሱን ዘግተን ሌላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከፈትን፤ ሣጥኑንም ከግድግዳው አንድ ጋት አራቅነው። አየሩ ሣጥኑን ሲዞር ጉልበቱ ይሰክናል፤ የጠቆረውን ግድግዳም በዚያው ያደርቀዋል። ነጠላው ከዚያ ወዲህ አልታየም። የከሰል ምድጃውን ግን ወደ በረንዳ አስወጣነው። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በሁለት ቀዳዳ ተማምኜ አልተኛም።

ከኮርኒሱ በላይ ላለው ባዶ ቦታ በጣሪያው ሁለት ጫፍ ፊት ለፊት አንዳንድ ቀዳዳ በቃው። ቀዳዳው ሁሉ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ይህን የተማርኩት ፍራሽ ካራስኩ በኋላ ነው።

ትንኝ የማያሳልፈውን ደቃቅ ወንፊት ሽቦ መጀመሪያ በምስማር መትቼው ነበር። አንድ በጋ ሳይሞላው አቧራና ጥላሸት እንደ ብርድ ልብስ አለበሰው። አሁን ሽቦው በእንጨት ፍሬም ላይ ነው፤ ሁለት ብሎን ፈትቼ አውርጄ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና አጥበዋለሁ፤ ግንቦት ላይ አንዴ፣ ኅዳር ሲታጠን አንዴ። ሽቦ አየሩን ስለሚያንቀው ቀዳዳውንም ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር የላይኛውን ስፈታ ተርቦች የጭቃ ጎጆ ሠርተው አፉን ደፍነውት አገኘሁ። እማማ ከታች መሰላሉን እንደያዙ ቀና ብለው አዩና «እነሱም ነፋስ አይወዱም» አሉኝ።