መንገዱን የሚመርጠው አጋዘኑ ነው

ተራራ ለማየት የወጣ ሰው መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ለአዳኝ ግን መንገዱን የሚመርጥለት አውሬው ነው። አውሬው ገደል ከወረደ አብረህ ትወርዳለህ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ከገባ ትገባለህ። ዓይንህ ደግሞ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው፣ ዱካው ላይ። አደን ስወጣ ካርታና ኮምፓስን ከጠመንጃዬ እኩል የማየው ለዚህ ነው።

በመጨረሻው ጉዟችን ሦስት ነበርን። እኔ፣ ጓደኛዬና ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ አዳኝ። ድንኳናችንን የተከልነው ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ቦታውን ጋሼ ናቸው የመረጡት። "ድንኳን የሚተከለው በጨለማም ተፈልጎ የሚገኝ ቦታ ላይ ነው" አሉ። ዋናው ጅረት ከሰሜን ወደ ደቡብ ይፈሳል። ከእሱ በስተምሥራቅ የመኪና መንገድ አለ። የምናድነው በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ቢፈጠር ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው መጀመሪያ ጅረቱን፣ ካለፈም መንገዱን ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ሦስታችንም በቃላችን ያዝን።

ማታ ካርታውን ዘርግተን በባትሪ ብርሃን አየነው። 1:50,000 ነው። 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ተሰምረዋል። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ቦታው ቀጥ ያለ ነው፣ ከተራራቁ ደልዳላ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። አዳኝ ግን ሌላም ነገር ያነብበታል። በቀጥ ያለ ዳገት መሐል መስመሮቹ ድንገት የሚራራቁበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ጠባብ ደልዳላ መሬት አለ፤ አጋዘን ቀን ቀን እንዲህ ያለ ቦታ መተኛት ይወዳል። በሁለት ጉብታዎች መሐል ዝቅ ያለችው ኮርቻም አውሬ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ የሚሻገርባት በር ናት። ጋሼ ሁለት ኮርቻዎችና አንድ ደልዳላ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። የአደን ፈቃዳችን የሚያበቃበትን ድንበርም በቀይ አሰመርኩ። ድንበር መሬት ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ቀጥሎ የሰሜኑ ጉዳይ መጣ። የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው የምድርን የማግኔት መስክ ተከትሎ ነው፤ ካርታው ግን የተሰራው በእውነተኛው ሰሜን፣ ማለትም በምድር ሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ነው። ልዩነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1831 ጄምስ ክላርክ ሮስ የማግኔቱን ሰሜን ዋልታ ያገኘው በሰሜን ካናዳ ነበር። ዋልታው ከዚያ ወዲህ ወደ ሳይቤሪያ አቅጣጫ ብዙ ተጉዟል። ስለዚህ በካርታው ኅዳግ ላይ ከልዩነቱ ጎን የተጻፈውን ዓመት ማየት ግድ ነው። እኛ ባለንበት ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ 8 ዲግሪ ነበር። ከካርታ የወሰድነውን አቅጣጫ ወደ ኮምፓስ ስናመጣ 8 እንቀንሳለን። ከኮምፓስ ወደ ካርታ ስንመልስ 8 እንጨምራለን። 8 ዲግሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን ወደ 140 ሜትር ያስታል። በደን ውስጥ 140 ሜትር ማለት ድንኳንህን ሳታይ ማለፍ ማለት ነው።

ሳይነጋ ወጣን። ወደ ምዕራብ ያለውን ሸንተረር ጫፍ ስንደርስ ሰማዩ ገና መቅላቱ ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ባዞረው ዳገት ላይ፣ አጋዘኖች ይግጣሉ። ጓደኛዬ ወዲያው መውረድ ፈለገ። ጋሼ ክንዱን ያዙት። "መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ውረድ።"

ልክ ናቸው። ከላይ ሆነህ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ሸለቆው ውስጥ ስትገባ ግን ያ ዳገት ከዛፍ ጀርባ ይሰወራል። የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ድንጋይ እንደነበር ይጠፋብሃል። ጠመንጃዬን ራቅ አድርጌ ዛፍ ላይ አስደገፍኩ። የጠመንጃ ብረት መርፌውን ይስበዋል፤ ስልክም እንደዚያው። ከዚያ ኮምፓሱን ወደ መንጋው አነጣጠርኩ። 262 ዲግሪ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

መርፌው ሳይወዛወዝ ቶሎ የሚረጋው ቤቱ ውስጥ ፈሳሽ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሱንቶ የተባለውን የኮምፓስ ኩባንያ የመሠረተው ፊንላንዳዊ መሐንዲስ ቱኦማስ ቮህሎነን በፈሳሽ የተሞላ የእጅ ኮምፓስ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ ነድፏል። እጅህ በብርድ በሚንቀጠቀጥበት ንጋት ላይ ይህን ሰው ታመሰግነዋለህ።

ቀጣዩ ጥያቄ ጊዜ ነበር። ንጋት ላይ የቀዘቀዘ አየር ዳገቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ከመጣን ጠረናችን ወደ አጋዘኖቹ አይደርስም። ፀሐይ ዳገቱን ካሞቀችው ግን አየሩ ሽቅብ ይዞራል። ይህ ደግሞ ምሥራቅ የሚያይ ዳገት ነው፣ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት 1 ሰዓት። ለእኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። ግን አዳኝ እየተጠነቀቀ ነው የሚራመደው፣ ስለዚህ እጥፍ አደረግነው። አንድ ሰዓት። በፍጥነት ተነሳን።

አየሩ ሳይዞር ደረስን። ጓደኛዬ አንዱን ወንድ አጋዘን ተኮሰ። አጋዘኑ ዘለለና ቁልቁል ሮጦ ተሰወረ።

የቆሰለ አውሬ ተኝቶ እንዲጠብቅ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተመታበት ቦታ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ አሰርን። ቦታውን ካርታው ላይ አስቀመጥን። ከዚያ ሥራ ተከፋፈልን። ጓደኛዬ ደሙን ይከተላል። ጋሼ ፊት ፊቱን ያያሉ። እኔ ዱካውን አላይም። አቅጣጫና እርምጃ ብቻ ነው የኔ ሥራ። ከአንድ ሰው በላይ ሆኖ ለሚያድን ሁሉ ይህን ክፍፍል ከልቤ እመክራለሁ።

እርምጃ የምቆጥረው ቀኝ እግሬ መሬት በነካ ቁጥር ነው። ሜዳ ላይ 64 ጊዜ ለእኔ 100 ሜትር ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ከ75 ያልፋል። በየ100 ሜትሩ አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አሳልፋለሁ። ዱካው በታጠፈ ቁጥር አዲሱን አቅጣጫ እጽፋለሁ። አጋዘኑ ሸለቆውን ይዞ ወደ ደቡብ ነበር የሚሄደው፣ ወደ ቀዩ መስመር። የጠጠሮቹ ቁጥር ያስፈለገው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ዞር ብለው "ድንበሩ ስንት ቀረው?" ሲሉኝ 600 ሜትር ገደማ ማለት ቻልኩ። ቀጠልን።

ጉሙ የመጣው ያኔ ነው። በአንድ ጊዜ ዛፎቹ ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመኑ የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ሰዎችን በደንና በበረሃ አስኪደው ነበር። ፀሐይም ጨረቃም የማያዩት ሰዎች ቀጥ ብለው የሚሄዱ እየመሰላቸው ዞረው የራሳቸውን መንገድ ያቋርጡ ነበር። ጉም ውስጥ "ይመስለኛል" በሚል ስሜት መራመድ የማልፈልገው ለዚህ ነው።

አጋዘኑን በሸለቆው ውስጥ ባለ ሌላ ጅረት ዳር ወድቆ አገኘነው። ከድንበሩ ወዲህ ነበር። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አንገቱን ዳበሰው። ሥጋውን ማዘጋጀት ሲጀምሩ እኔ ያለንበትን ቦታ ማረጋገጥ ያዝኩ። የቆጠርኩት አንድ ነገር ይለኛል፣ ግን ሁለተኛ ምስክር ፈለግኩ። ጉሙ ለትንሽ ጊዜ ተከፈተና በሰሜን ምዕራብ ያለው ሾጣጣ ጫፍ ታየ። በኮምፓስ 332። 8 ስጨምርበት 340። ከጫፉ ተነስቼ በካርታው ላይ መስመሩን ወደ እኛ አቅጣጫ ሳብኩት። መስመሩ ጅረቱን የሚቆርጠው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የቆምነውም ጅረቱ ላይ ነው። ከእርምጃዬ ጋር የነበረው ልዩነት ከ100 ሜትር አይበልጥም። አንድ መስመርና አንድ ጅረት ይበቃሉ፣ ሁለተኛ ጫፍ እስኪታይ መጠበቅ የለብህም።

ጓደኛዬ ጂፒኤስ ይዟል፤ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም እይዛለሁ። ብርድ ግን ባትሪውን ያደክመዋል። ከሁሉም በላይ ትንሿ ስክሪን ያለህበትን ነጥብ እንጂ ተራራውን በሙሉ አታሳይህም። ካርታ ከፊትህ ያለውን ብቻ ሳይሆን ያልመረጥከውን መንገድም ያሳይሃል።

ድንኳናችን በስተሰሜን ምሥራቅ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አቅጣጫው በኮምፓስ 62 ነበር። እኛ ግን 54 ላይ ሄድን። ሆን ብለን ወደ ግራ ዘመም ማለታችን ነው። በትክክል ወደ ድንኳኑ አነጣጥረህ ዋናው ጅረት ጋ ብትደርስና ድንኳኑን ብታጣ፣ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የምትሄደው? አታውቅም። ወደ ግራ ካዘነበልክ ግን መልሱ አንድ ነው። ጅረቱን ስናገኝ ወደ ቀኝ፣ ከውኃው ጋር ቁልቁል ታጠፍን። ድንኳኑ ብዙም ሳንሄድ ታየ።

ሥጋውን በአንድ ጊዜ መሸከም አልቻልንም፤ የቀረውን ጥላ ቦታ ከፍ አድርገን ሰቅለነው ነበር። ወዲያው ተመለስን። ያን ጊዜ ግን በቀጥታው መስመር አልሄድንም። ካርታው ላይ የሸንተረሩ ጅራት ወደ ደቡብ ዝቅ ይላል። ያንን ከዞርን መንገዱ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ዳገቱ ግን ከ100 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ባዶ ጀርባ ቢሆን ቀጥታውን እመርጥ ነበር። ሸክም ሲኖር ዳገት ከርቀት ይብሳል። ጋሼም ጣታቸውን በአንዱ የከፍታ መስመር ላይ አስኬዱና "በዚህ፣ ከእሱም አትውጡ" አሉን። መስመሩን ሳንለቅ፣ ሳንወጣም ሳንወርድም፣ ሳይመሽ ሥጋውን በሙሉ አስገባን።