እማዬ ፍል ውሃ ያለችው ሀይቅ

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር አለፋት፣ ከቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያው አፓርትመንቴ ቤተክርስቲያንና ግሮሰሪ ካልሆነ ብዙም አልወጣችም፣ እና በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደን ብላክዋተር ፏፏቴን ላሳያት ብዬ በጠዋቱ ተነሳን። ቡና በፔርሙዝ፣ ዳቦ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ("በጥቅምት አንድ አጥንት" እያለች ሶስተኛም ልትጨምር ነበር)። አውራ ጎዳና 66ን ይዘን 81 ላይ ወጣን፣ ከስትራስበርግ ወደ ተራራው ታጠፍን፣ ዋርደንስቪልን እንዳለፍን ኮሪደር ኤች የሚሉት ሰፊ አዲስ መንገድ ይጀምራል፣ መኪና የለበትም፣ ድልድዩ ከሸለቆው በጣም ከፍ ያለ ነው፣ እማዬ ጣርማበርን ያለፍን መስሏት አማተበች።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ መጀመሪያ የታዩን የንፋስ ተርባይኖቹ ናቸው፣ ጫፉን ይዘው ተሰልፈዋል፣ 132 ናቸው። ከነሱ ወዲህ ደግሞ ጭስ ማውጫዎች፣ ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ። ማውንት ስቶርም ነው። በድንጋይ ከሰል የሚሰራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ፣ 1,600 ሜጋዋት ገደማ፣ የመጀመሪያው ማመንጫ ክፍል (ዩኒት) በ1965 ስራ ጀመረ፣ ሁለተኛው በ1966፣ ሶስተኛው በ1973። ያ ሁሉ ተርባይን ተደምሮ ንፋስ በደንብ ሲነፍስ 264 ሜጋዋት ነው፣ የጣቢያውን አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ድሮም አውቀዋለሁ፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ሌላ ነገር ነው።

ከጣቢያው ስር ሀይቅ አለ፣ ለማቀዝቀዣ ብለው ወንዝ ገድበው የሰሩት። ዳር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሀይቁ ግን ይጨሳል፣ ልክ እንደተጣደ ድስት። እማዬ ቀስ ብላ ወርዳ ጎንበስ አለችና እጇን ነከረች፣ ከዛ ዞር ብላ አየችኝ፣ ፊቷ በርቷል። "ልጄ፣ ፍል ውሃ እኮ ነው!" አለችኝ። ጉልበቷን ያማታል፣ ሶደሬ የሄደችበትን ጊዜ ሁሌ ታወራለች፣ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል እጇን ያዝኳት።

ፍል ውሃ አይደለም እማዬ፣ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ከሰሉን እንደ በርበሬ አልመው ይፈጩትና ዱቄቱን በአየር ወደ እሳቱ ይነፉታል፣ እሳቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ተርባይን ያዞራል፣ ስራውን የጨረሰውን እንፋሎት መልሶ ውሃ ለማድረግ የሀይቁን ውሃ ያዞሩበታል፣ ሙቀቱ እዚህ ይገባል፣ ክረምትም ቢሆን አይቀዘቅዝም። ከከሰሉ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሆነው ሲሶው ብቻ ነው በግርድፉ። እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ይሄ ሁሉ እሳት እንዲሁ ይፈሳል?" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰል በጣሳ እየገዛች ያበሰለች፣ ቡናው ሲያልቅ ፍሙን አመድ አልብሳ ለማታ ያቆየች ሴት ናት፣ ሁለት ሶስተኛው ሙቀት ሲደፋ ማየት አላስቻላትም። እኔም ብዙ አንብቤያለሁ፣ የአንድ ቶን ከሰል ጭስ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ግን የሷ ጥያቄ ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው።

ትንሽ ራቅ ብለው አንድ ሽማግሌ አሳ ያጠምዳሉ። ሰላም አልናቸው፣ እማዬ ቡና ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ጣቢያው ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ አባታቸው ደግሞ ማዕድን ውስጥ፣ ከመሬት በታች። አባትዬው በጥቁር ሳንባ ነው የሞቱት፣ ከሰሉ አቧራ ሳንባ ላይ ተጋግሮ ቀስ እያለ ትንፋሽ የሚያሳጣው በሽታ። መጨረሻ ላይ ተኝተው መተንፈስ ስላቃታቸው ወንበር ላይ ነበር የሚያድሩት አሉ። ለዚህ በሽታ ካሳ የመጣው በ1969ኙ ህግ ነው፣ እሱም ከዓመት በፊት እዚሁ ስቴት ፋርሚንግተን ላይ የከሰል ማዕድን ማውጫ ፈንድቶ 78 ሰው ስለሞተ። እያስተረጎምኩ እማዬ ከንፈሯን ትመጣለች። "ግን ልጆቻቸውን አስተምረውበታል?" ብላ ጠየቀች። "ሁላችንንም" አሉ ሰውየው፣ ቤቱንም የሰሩት በዛ ደሞዝ ነው፣ እና ሰው መጥቶ ከሰል መጥፎ ነው ብቻ ብሏቸው ሲሄድ ይከፋቸዋል።

ልክ ናቸው። ዌስት ቨርጂኒያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ10 ወደ 9 የሚጠጋው ከከሰል ነው፣ እና ከምትጠቀመው በላይ ታመነጫለች፣ ትርፉ በተራራው ላይ ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣል። ጣቢያው የዶሚኒየን ነው፣ አሌክሳንድሪያ ሆኜ በየወሩ የመብራት ቢል የምከፍለው ለዛው ካምፓኒ ነው። 11 ዓመት ሙሉ ማብሪያውን ስጫን እነዚህን ሰዎች አንድ ቀን አስቤያቸው አላውቅም። ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ህግ ዶሚኒየን ለደንበኞቹ የሚያቀርበው ኤሌክትሪክ በ2045 ከካርቦን ነፃ መሆን አለበት፣ እኔ ይሄን እደግፋለሁ፣ ከልቤ፣ ግን በዛው ላይ ደለስ ኤርፖርት አካባቢ ዳታ ሴንተሩ (የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ህንፃ) በየቀኑ ይገነባል፣ ያም መብራት ይፈልጋል፣ የዚህ መንደር ልጅ ደግሞ ጣቢያው ሲዘጋ ምን ይሰራል የሚለውን አብሮ የሚያነሳ ሰው አጣለሁ።

ፏፏቴው ጋ ደረስን፣ ውሃው ከዛፎቹ በሚወጣ ታኒን የሚሉት ቡናማ ቀለም ሻይ መስሏል፣ እማዬ አየችው፣ ፎቶ ተነሳች፣ ግን ሀሳቧ እዛ አልነበረም። ማታ ስንመለስ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦው ከእኛ ጋር አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይወርዳል። 66 ላይ ስንደርስ፣ ተኝታለች ብዬ ሬዲዮ ልከፍት ስል፣ "የሰውየው አባት ስማቸው ማን ነበር?" አለችኝ።

"አልጠየቅኳቸውም እማዬ።"

"ነገ ቤተክርስቲያን ሻማ ላበራላቸው ነበር" አለችና ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበቷ ሳበች።