በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ መድኃኒት

ዛሬ ከሰዓት ጎረቤታችን እማማ "ሻንጣዬን እስቲ እይልኝ ልጄ" ብለው ጠሩኝ። በሚቀጥለው ወር ዱባይ ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የጅማ ቡናው ሁሉ ታሽጓል።

"መድኃኒቶትስ?" አልኳቸው።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። እንደ ሳንቲም የተቋጠሩ፣ ስም የሌላቸው ክኒኖች። ነጭ፣ ቢጫ፣ ተደባልቀው። ማሸጊያው ቦታ ይይዛል ብለው ጥለውታል።

አንዱ የደም ግፊት ነው። የወገባቸው ግን ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው። ደነገጥኩ። እዚህ ሐኪም አዞላቸው ነው የሚወስዱት። እዚያ ግን ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ከጤና ሚኒስቴራቸው አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ቀጥለው ዘመድ ከካናዳ ያመጣላቸውን የጉልበት ዘይት አወጡ። ሲቢዲ፣ ከካናቢስ የሚሠራው። ካናዳ በፈረንጆቹ 2018 ካናቢስን ሕጋዊ አድርጋለች፤ ድንበር ማሻገር ግን በራሷ ሕግም ክልክል ነው።

"ዘይት እኮ ነው!" አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ትኬት ሲቆርጡ ስለ ኪሎ ተነግሯቸዋል። ስለ መድኃኒት ማንም ቃል አልተነፈሰም። ስንት እናት እንዲህ ቋጥራ ትሄድ ይሆን?

ነገ ጠዋት ሐኪማቸው ጋ አብረን እንሄዳለን። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማኅተም ያድርግልን። ክኒኖቹም ከነማሸጊያቸው እንደገና ይገዛሉ። ለልጃቸው ደውለናል፤ ፈቃዱን ማታ ትሞላለች።